ቦርሳ ውስጥ ያለ ነገር አያድንም፦ ከስኳር ህመም ጋር በካያክ ለእረፍት የወጡት ባልና ሚስት

 

ባለፈው ሐምሌ ሲያትል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። «ዶክተርዬ፣ እኔና ባለቤቴ ለሦስት ቀን ካያክ ይዘን ልንወጣ ነው። ቀን ባሕር ላይ እንቀዝፋለን፣ ማታ ዳርቻው ላይ ካለው ጫካ ድንኳን ተክለን እናድራለን። ሰዎች ድብ አለ ምናምን እያሉ እያስፈራሩን ነው። ምን እንያዝ?»

ካያክ ለማታውቁት፦ ጠባብና ረጅም ጀልባ ነው። እግር ተዘርግቶ ይቀመጡበታል፣ ሁለቱም ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ መቅዘፊያ በእጅ ይነዳል። የአንድ ሰውም የሁለት ሰውም አለ። እነሱ የተከራዩት የሁለት ሰው ነው።

የጠየቀኝ ስለ ድብ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ውሃው ነው። ሁለተኛው እሱ ራሱ ነው፤ ምክንያቱም ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነት 1 የስኳር ህመም አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ታሪኩን እንድጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

ቀድሜ ልንገራችሁና፣ የስኳር ህመምተኛ ካያክ መቅዘፍ አይችልም የሚል ጽሑፍ አይደለም። ይችላል። የዛሬው መልእክቴ አንድ ነው፦ ችግር ሲመጣ የሚያድናችሁ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ነገር እንጂ ቦርሳ ውስጥ ያለው አይደለም።

ቦታው የት ነው?

የሄዱት ሳን ሁዋን ወደሚባሉት ደሴቶች ነው። በዋሽንግተን ስቴት የብስና በካናዳው ቫንኩቨር ደሴት መካከል ይገኛሉ። ከአናኮርተስ ከተማ በፌሪ ይኬዳል። ዳርቻዎቹ ዳግላስ ፈር በሚባሉ ረጃጅም ዛፎችና ልጣጫቸው ተልጦ ቀይ በሚመስሉ ማድሮናዎች የተሸፈኑ ናቸው። በዚያው አካባቢ ካስኬዲያ ማሪን ትሬይል የሚባል የውሃ ላይ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ ሲሆን በመቅዘፊያ ለሚጓዙ ሰዎች የተዘጋጁ ከ50 በላይ የማደሪያ ቦታዎች አሉት።

ስለ ድቡ የመለስኩለት አጭር ነው፦ ደሴቶቹ ላይ በቋሚነት የሚኖር ድብ የለም። ማታ ምግብ ሊሰርቃችሁ የሚመጣው ራኩን የሚባል ድመት የሚያክል አውሬ ነው፣ ስለዚህ ምግባችሁን በደንብ በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጡ። በቃ።

ውሃው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሐምሌ እዚያ አየሩ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ ፀሐይ አለ፣ ሰው በቲሸርት ይሄዳል። የባሕሩ ውሃ ግን በዚያው ቀን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰው የሚለብሰው አየሩን አይቶ ነው፤ ከተገለበጠ የሚገባው ግን ውሃው ውስጥ ነው። በዚህ ስፖርት የመጀመሪያው ሕግም ይሄው ነው፦ ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ልበስ።

ቀዝቃዛ ውሃ ሰውን የሚገድለው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው «በብርድ ደርቆ» ይመስለዋል። አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚሞተው ሰውነቱ ገና ሳይቀዘቅዝ ነው።

በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጎርደን ጊስብሬክት ነገሩን በ3 ቁጥሮች ያስተምሩታል፦ 1፣ 10፣ 1።

የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ነው። ቆዳችን በድንገት ሲቀዘቅዝ ሳናስበው «ህእ!» ብለን አየር እንስባለን። ፈልገን የምናደርገው አይደለም፣ ልናስቆመውም አንችልም። በዚያች ቅጽበት አፋችን ከውሃ በታች ከሆነ የምንስበው ውሃ ነው። ከዚያ ትንፋሽ ቁና ቁና ይላል፣ ልብ በኃይል ይመታል፣ ደም ግፊት ይጨምራል። የልብ ህመም ላለበት ሰው ይህ ብቻውን አደገኛ ነው። ደስ የሚለው ነገር ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ይረጋጋል። የእናንተ ሥራ ጭንቅላታችሁን ከውሃ በላይ አድርጋችሁ መንሳፈፍና ትንፋሻችሁን መግራት ብቻ ነው። ለመዋኘት አትጣደፉ።

ሁለተኛው 10 ደቂቃ ነው። እጅና እግር በአግባቡ የሚታዘዘን ለዚህን ያህል ጊዜ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ደም ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ አልታዘዝ ይላል። ጎበዝ ዋናተኞች ከዳርቻው ጥቂት ሜትር ላይ የሚሰምጡት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ካያኩ ላይ ተመልሶ መውጣት፣ ፊሽካ መንፋት፣ ሬዲዮ መጫን የመሰለ ሥራ ሁሉ በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ማለቅ አለበት።

ሦስተኛው 1 ሰዓት ነው። ሰውነት ቀዝቅዞ ራስን ለመሳት ውሃው በረዶ ቢሆን እንኳ 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ግን እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ መጀመሪያ ሁለቱን ማለፍ ያስፈልጋል፤ የሚያሳልፈው ደግሞ ላይፍ ጃኬት ነው።

«ዋና እችላለሁ እኮ!»

የአክስቴ ልጅ ልክ እንዲህ ነው ያለኝ። ላይፍ ጃኬቱ ይሞቃል፣ ለመቅዘፍ አይመችም፣ ከመቀመጫው ኋላ አስሬ እይዘዋለሁ አለ። ሕጉም ለአዋቂ ሰው መያዝን እንጂ መልበስን አያስገድድም ብሎ ተከራከረኝ። እውነቱን ነው፣ በዋሽንግተን ሕግ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ መኖር አለበት፤ በትናንሽ ጀልባ ላይ የመልበስ ግዴታ ያለባቸው ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ውሃ ግን ሕግ አያነብም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለደረሱ የመዝናኛ ጀልባ አደጋዎች ባወጣው ሪፖርት፣ የሞታቸው ምክንያት ከታወቀው ሰዎች 75 በመቶዎቹ የሞቱት ሰምጠው ነው። ከሰመጡት ውስጥ ደግሞ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለመልበሳቸው ከታወቀው 87 በመቶዎቹ አልለበሱም ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት፦ «ትንፋሽህ ተቆራርጦ፣ ጣትህ ደንዝዞ፣ ማዕበል ፊትህን እየመታህ፣ ከተገለበጠ ጀልባ ስር ጃኬት ፈልገህ ዚፕ መዝጋት ትችላለህ?» መልስ አልሰጠኝም። ባለቤቱ ግን ከጎን ሆና «እኔ አለብሰዋለሁ፣ አታስብ ዶክተር» አለች። እሷ ናት የጨረሰችው።

ከጃኬቱ ስር የሚለበሰውም ወሳኝ ነው። ጥጥና ጂንስ ከራሰ በኋላ ሙቀት አይዝም። ለእንዲህ ዓይነት ውሃ የሚሆነው ዌትሱት ወይም ውሃ የማያስገባ ድራይ ሱት ነው፣ ከካያኩ ጋር ይከራያል። ከጉዞው በፊትም አስተማሪ ይዘው ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ላይ ሆን ብለው ተገልብጠው ተመልሶ መውጣትን ተለማመዱ። እሷ በ3ኛው ሙከራ ወጣች፣ እሱ በ5ኛው።

አሁን ወደ ስኳሩ እንምጣ

መቅዘፍ ቀላል ይመስላል እንጂ ከባድ የአካል እንቅስቃሴ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ስኳርን ከደም ይወስዳል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ላይ ይህ የደም ስኳርን በፍጥነት ሊያወርድ ይችላል። ከእንቅስቃሴው በኋላም ጡንቻ የተጠቀመውን ሲተካ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ማለትም ቀን የቀዘፈ ሰው ሌሊት ድንኳን ውስጥ ተኝቶ ሊወርድበት ይችላል።

እዚህ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። የደም ስኳር ሲያንስ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይደናገራል፣ አነጋገሩ ይተሳሰራል፣ ይነጫነጫል። ሰውነት በብርድ ሲጎዳስ? ይንቀጠቀጣል፣ ይደናገራል፣ አነጋገሩ ይተሳሰራል፣ ይነጫነጫል። በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው።

ስለዚህ ለባለቤቱ የጻፍኩላት አጭር ነበር። «ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ውሃ ዳር ከተንቀጠቀጠና ነገሩ ከተዘበራረቀ፣ ነቅቶ መዋጥ እስከቻለ ድረስ መጀመሪያ ስኳር ስጪው፣ ከዚያ ለኪ፣ ከዚያ አሙቂው። ስኳሩ ባያንሰው ኖሮ እንኳ ያቺ ትንሽ ስኳር አትጎዳውም። አንሶት ሳትሰጪው ብትቀሪ ግን ሊጎዳ ይችላል።» ስኳሩ የት እንደሚቀመጥም ተስማማን፦ በሁለቱም ላይፍ ጃኬት ኪስ ውስጥ።

የኢንሱሊኑን መጠን ደግሞ ከጉዞው በፊት የራሱ ሐኪም አስተካከለለት። ይህን እኔ ከሩቅ ሆኜ የምነግረው ነገር አይደለም። እናንተም በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አትጨምሩ፣ ሐኪማችሁን አማክሩ።

በሁለተኛው ቀን የሆነው

የመጀመሪያውን ቀን ኦርካስ የሚባለውን ደሴት ዳርቻ ተከትለው ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጆንስ ወደምትባል በደን የተሸፈነች ትንሽ ደሴት ተሻገሩ። መሐል ላይ ንፋስ ተነሳ። ንፋሱ ከውሃው ፍሰት በተቃራኒ ሲመጣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ካያኩ ወደፊት አልሄድ ይላል። በ1 ሰዓት ይደርሳሉ የተባለው መንገድ ከ2 ሰዓት በላይ ወሰደ። አልተገለበጡም፤ ግን ደረታቸው ድረስ በማዕበል ረጠቡ።

ዳርቻው ላይ እንደወጡ እሱ ቁጭ አለ። እየተንቀጠቀጠ ነው። «ድንኳኑን አምጣ» ስትለው «የቱን ድንኳን?» አላት። ቀጥሎ ያለምንም ምክንያት ተቆጣት። በተፈጥሮው ቁጡ ሰው አይደለም።

እሷ እንደነገረችኝ መጀመሪያ የታያት የመኝታ ከረጢቱን አውጥታ ልታሞቀው ነበር። እሱ ግን ካያኩ ውስጥ፣ ከድንኳኑ ስር ነው። የስኳር መለኪያውም እዚያው ነው። ክንዱ ላይ የተለጠፈው ሴንሰር በስልኩ ሊያስጠነቅቀው ይገባ ነበር፤ ስልኩም ውሃ እንዳይነካው ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ታሽጓል፣ ቢጮህም አልሰሙትም። እጇ ላይ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ላይፍ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ያለው ትንሽ የጁስ ካርቶን።

እሱን አጠጣችው። ከዚያ ቦርሳውን አውጥታ ስትለካው 52 ነበር። ከ70 በታች ማነስ ነው፣ ከ54 በታች ደግሞ አደገኛ ማነስ ነው። እርጥቡን ልብስ አወለቀችለት፣ ደረቅ አለበሰችው፣ ኮፍያ አደረገችለት፣ ከረጢቱ ውስጥ አስገባችው። ከ15 ደቂቃ በኋላ 61 ሆነ፣ ደግማ ሰጠችው። ቀጥሎ 94። ያኔ «ድንኳኑ የት አለ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለባት።

ማታ ዳቦና ኦቾሎኒ ቅቤ በልቶ ተኛ። ለሌሊት 8 ሰዓት ማንቂያ ሞልተው ተነስተው ለኩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ውሃ በማያስገባ ቀጭን ማቀፊያ ሆኖ ደረቱ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው። ሦስተኛውን ቀን ንፋሱ ሳይነሳ በማለዳ ተሻግረው በሰላም ተመለሱ።

አስቡት፤ ይዘው ያልሄዱት ነገር አልነበረም። መለኪያው፣ ሴንሰሩ፣ ግሉካጎን መርፌው፣ ሞቃት ልብሱ፣ ሁሉም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሠራው ግን ኪሷ ውስጥ የነበረው ጁስ ነው።

ስኳር ሲያንስ ምን እናድርግ?

ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው 15 ግራም ፈጣን ስኳር ስጡ፦ ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ወይም በውሃ የተበጠበጠ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙ። ቸኮሌት ስብ ስላለው ቶሎ አይሠራም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ፣ ትን ይለዋል፤ ግሉካጎን ካለ ውጉት፣ ወዲያው እርዳታ ጥሩ።

ሰው በብርድ ሲጎዳስ?

የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሃይፖተርሚያ እንለዋለን። ከንፋስ አውጡት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ አድርቁ፣ ሸፍኑ። ነቅቶ ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ይጠጣ። እጅና እግሩን አትሹት፣ አታስሩጡት። «ለብርድ ጥሩ ነው» ተብሎ አረቄ መስጠት ስህተት ነው፤ አልኮል የቆዳ ደም ስሮችን ከፍቶ ሙቀት ያስወጣል። መንቀጥቀጡ ቆሞ ራሱን እየሳተ ከሆነ በጥንቃቄ አጋድማችሁ ያዙት፣ ምክንያቱም የቀዘቀዘ ልብ በትንሽ መንገላታት ምቱ ሊዛባ ይችላል።

ተስፋም አትቁረጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ኖርዌይ ውስጥ አና ቦገንሆልም የተባለች ስዊድናዊት ሐኪም ከበረዶ ስር ውሃ ውስጥ 80 ደቂቃ ቆይታ፣ የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ዲግሪ ደርሶ፣ ልቧም ቆሞ ነበር። ሐኪሞች ቀስ በቀስ አሙቀው አተረፏት፣ ወደ ሕክምና ሥራዋም ተመለሰች።

ድንኳኑ ጋር ያሉ 3 ጥንቃቄዎች

1. ድንኳን ውስጥ ምድጃ አይገባም። ጋዝም ሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብሎ ይጀምርና እንቅልፍ ላይ ይገድላል። ይህ አዲስ አበባ ውስጥ በር ዘግቶ ከሰል ለሚያቀጣጥል ሰውም ይሠራል።

2. ከዳርቻው ዛጎል ለቅማችሁ አትብሉ። ክላምና መስል በሚባሉት ባለ ዛጎል እንስሳት ውስጥ ሳክሲቶክሲን የሚባል መርዝ ሊጠራቀም ይችላል። መቀቀል አያጠፋውም፣ የመተንፈሻ ጡንቻን ሽባ ያደርጋል፣ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1793 የካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር መርከበኛ የነበረ ጆን ካርተር የተባለ ሰው ከዚያው በስተሰሜን ባለ ዳርቻ መስል በልቶ ሞቷል። የዋሽንግተን ጤና መምሪያ የትኛው ዳርቻ እንደተዘጋ በካርታ ያሳውቃል፣ እሱን ሳያዩ መልቀም አይገባም።

3. የምንጭ ውሃ አፍሉ። በባሕር ጠለል አካባቢ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከ2000 ሜትር በላይ ግን ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ያስፈልጋል። አዲስ አበባም ከ2000 ሜትር በላይ ናት።

እኛ አገርስ?

«እኛ ምን አገባን፣ ካያክ የለን» እንዳትሉኝ። ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ፣ ጣና ላይ በጀልባ የሚዝናና ሰው ብዙ ነው። ላይፍ ጃኬቱ ግን ስንት ጊዜ ነው መቀመጫ ስር ተከምሮ ወይም ትራስ ሆኖ የምናየው? የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ገደማ ሰዎች በዓለም ላይ ሰምጠው ሞተዋል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን እንደዚያኛው ባሕር አይቀዘቅዙም፤ ወንጪን የመሰለ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ግን ቀዝቃዛ ነው። ጣና ላይ ደግሞ ቢልሃርዚያ ስላለ ዳርቻው ላይ መዋኘትና በእግር መግባት አይመከርም።

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን እናንተ ላይ ይሁኑ፦

✔ ላይፍ ጃኬት፣ ተለብሶና ተቆልፎ
✔ ፊሽካ፣ ጃኬቱ ላይ ታስሮ
✔ ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ፈጣን ስኳር፣ የእሱም የጓደኛውም ኪስ ውስጥ
✔ አስም ላለበት ኢንሄለር
✔ ስልክ ወይም ውሃ የማይጎዳው ሬዲዮ፣ ደረት ላይ (በአሜሪካ ባሕር ላይ የአደጋ ጥሪው በቻናል 16 ነው)

የብስ ላይም የት እንደሄዳችሁና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር። በተባለው ሰዓት ካልደወላችሁ እርዳታ የሚጠራው እሱ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፣ የሐኪማችሁን ምክር አይተካም። ኢንሱሊን የሚወጋ ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት፤ ከእሱ ይበልጥ ግን አብሮት ለሚወጣው ሰው ላኩለት። ስኳሩ ሲወርድ ራሱን ማዘዝ የሚችለው ያ ሰው ነውና።

መልካም ጤንነት ተመኘሁ!